የራሳችሁን አዳፕተር ከቤት የኢንተርኔት ስልክ ጋር እንዴት ታገናኛላችሁ

የኢንተርኔት ስልክ ለቤታችሁ ስታስገቡ ድርጅቱ ብዙ ጊዜ የራሱን ትንሽ ሳጥን ይልክላችኋል፤ ተራውን ስልክ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ይህ ሳጥን አዳፕተር ይባላል። ከራውተሩ ጋር ታገናኙታላችሁ፣ ስልካችሁን ትሰካላችሁ፣ አለቀ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ችግሩ የሚመጣው ድርጅቱን መቀየር ስትፈልጉ ነው። ሳጥኑ ለዚያ ድርጅት ብቻ ተቆልፏል፤ ሌላ ጋ አይሠራም።

የራሳችሁ አዳፕተር ካላችሁ ግን ቁልፉ በእጃችሁ ነው። አገልግሎት ስትቀይሩ የሚለወጠው አምስት መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። ስልኩም ገመዱም ባለበት ይቆያል። እኔ ቤትም እናቴ ቤትም ያለው እንዲህ ዓይነቱ ነው። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እወቁ፦ ዕቃው የራሳችሁ ሲሆን ጣጣውም የራሳችሁ ነው። ስለዚህ ምን እንደምትነኩና ለምን እንደምትነኩ እያወቃችሁ ሂዱ። አንድ ነገር ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ።

መጀመሪያ ድርጅቱን ጠይቁ

አዳፕተር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «የራሴን መሣሪያ ባመጣ የሲፕ መለያ ትሰጡኛላችሁ?» መልሱ «አንሰጥም» ከሆነ ሌላ ድርጅት ፈልጉ። የሲፕ መለያ፣ ማለትም አዳፕተሩ ወደ ድርጅቱ የሚገባበት ስምና የይለፍ ቃል፣ ሳይኖር በጣም ጥሩ የሚባለው አዳፕተር እንኳ ምንም አያደርግላችሁም።

ሲፕ ጥሪ የሚጀመርበት፣ የሚነሣበትና የሚዘጋበት የጋራ ቋንቋ ነው። ዛሬ የምንጠቀምበት መልኩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የተለያዩ ፋብሪካዎች አዳፕተሮች ከተለያዩ ድርጅቶች ጋር የሚግባቡት በእሱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ሲፕ ጥሪውን ያቀናብራል እንጂ ድምፁን አይሸከምም። ድምፁ የሚሄደው አርቲፒ በሚባል ሌላ መንገድ ነው። በኋላ «ስልኩ ይጠራል፣ ድምፅ ግን አይሰማም» የሚል ችግር ሲገጥማችሁ ምክንያቱ ይሄ መለያየት ነው።

ምን ዓይነት አዳፕተር?

የምትፈልጉት ኤፍኤክስኤስ የሚባል ቀዳዳ ያለውን ነው። ይህ ቀዳዳ ለስልካችሁ የመስመር ድምፅ ይሰጣል፣ ደወሉንም ያስጮኻል። ኤፍኤክስኦ የሚባለው የእሱ ተቃራኒ ነው፤ ከድሮው የስልክ መስመር ጋር የሚገናኘው እሱ ነው። የፊደል ልዩነታቸው አንዲት ስለሆነች ብዙ ሰው ተሳስቶ ይገዛል።

ግራንድስትሪም ኤችቲ801 ለአንድ ስልክ፣ ኤችቲ802 ለሁለት ስልክ ይሆናል። ሁለተኛ እጅ ስትፈልጉ ሲስኮ ኤስፒኤ112 እና ሊንክሲስ ፓፕ2ቲ ያጋጥሟችኋል። ሁለቱም ከምርት ወጥተዋል፤ አዲስ ፈርምዌር (የአዳፕተሩ የውስጥ ፕሮግራም) አትጠብቁላቸው። ይሠራሉ፤ እኔ ግን ዛሬ የምገዛ ብሆን ማሻሻያ የሚወጣለትን እመርጣለሁ። ሁለተኛ እጅ የምትገዙ ከሆነ ሻጩን አንድ ነገር አስደርጉት፦ በብራውዘር የሚከፈተውን የአዳፕተሩን የቅንብር ገጽ ከፍቶ የሲፕ ሰርቨር (ጥሪውን የሚያስተናግደው የድርጅቱ ኮምፒውተር) የሚጻፍበትን መስመር ያሳያችሁ። መስመሩ ደብዝዞ አልጻፍ ካለ፣ ወይም ገጹ የማይታወቅ የይለፍ ቃል ከጠየቀ፣ ያ ሳጥን የሌላ ድርጅት እስረኛ ነው። ተዉት።

ቻርጀሩንም አደራ። አንዳንዱ አዳፕተር 5 ቮልት፣ ሌላው 12 ቮልት ይፈልጋል። ጫፋቸው ግን ሊመሳሰል ይችላል። ባለ 12 ቮልቱን ባለ 5 ቮልቱ ላይ ብትሰኩት ሊቃጠል ይችላል። ከሳጥኑ ሥር የተጻፈውንና ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አስተያዩ።

ስልኩስ? ተራ የቤት ስልክ ሁሉ ይሆናል። ገመድ አልባ ስልክ ካላችሁ ደግሞ ሥራው ቀለለ። መሠረቱን ብቻ አዳፕተሩ ላይ ትሰካላችሁ፤ እጀታዎቹ በየክፍሉ ይሠራሉ፤ የግድግዳ ገመድ መንካት አያስፈልግም። በቢሮ ማዞሪያ ላይ የሚሠሩ ዲጂታል ስልኮች ግን አይሆኑም። ቁጥሩ በጣት የሚዞረው የድሮ ስልክም በሁሉም አዳፕተር አይሠራም፤ እሱን የሚረዳ ሞዴል መምረጥ አለባችሁ።

የግድግዳው ገመድ፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ

ብዙ ሰው ይህን ያስባል፦ «አዳፕተሩን ግድግዳው ላይ ካለው የስልክ ሶኬት ጋር ባገናኘው በሁሉም ክፍል ያሉት ስልኮች ይሠራሉ።» እውነት ነው፣ ይሠራሉ። ግን የድሮው የስልክ መስመር አሁንም ከውጭ እየገባ ከሆነ አዳፕተራችሁ አደጋ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመደበኛ ስልክ መስመር ዝም ባለበት ሰዓት 48 ቮልት አካባቢ ይይዛል። ሲጠራ ደግሞ ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ተለዋዋጭ ኃይል ይልካል። አዳፕተራችሁም በራሱ በኩል ኃይል ይልካል። ሁለት ምንጮች በአንድ ገመድ ላይ ሲጋጠሙ የሚሸነፈው ትንሹ ሳጥን ነው። የውሉ መቋረጥም ዋስትና አይሆንም። አገልግሎቱ ተዘግቶ መስመሩ ላይ ኃይል ሊቀር ይችላል።

ስለዚህ መስመሩ ከውጭ ወደ ቤት የሚገባበትን ሳጥን ፈልጉና የውስጡን ገመድ ከውጭው ለዩት። ከዚያ አንድ ተራ ስልክ ግድግዳው ላይ ሰክታችሁ አንሡ። ፍጹም ጸጥታ መሆን አለበት። ትንሽ እንኳ ሽውታ ወይም የመስመር ድምፅ ከተሰማችሁ ገና አልተለየም። መለኪያ ካላችሁ ቮልቱን ለኩ፤ ዜሮ ማንበብ አለበት። አዳፕተሩን የምትሰኩት ከዚያ በኋላ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሌላም አለ። አንድ አዳፕተር የሚያስጮኸው የደወል ብዛት ልክ አለው። አምስት የድሮ ባለ ደወል ስልኮች ካገናኛችሁበት ደወሉ ሊደክም ወይም ጭራሽ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ሁለቱን ነቅላችሁ ሞክሩ።

መሰካት

አዳፕተሩን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙ። ስልኩን በስልክ ቀዳዳው ሰኩ። መብራቱን መጨረሻ ላይ። ሁለት የኔትወርክ ቀዳዳ ካለው ወደ ራውተሩ የሚሄደው የኢንተርኔት ምልክት ያለበት ነው። አንድ ሁለት ደቂቃ ስጡት።

የአዳፕተሩን አድራሻ በጆሮ መስማት

ይህን ክፍል በጣም እወደዋለሁ። አዳፕተሩ ስክሪን የለውም፤ አድራሻውን በስልኩ ይነግራችኋል።

እጀታውን አንሡ። ግራንድስትሪም ከሆነ ኮከብን ሦስት ጊዜ ተጫኑና 02 አስከትሉ። ሲስኮ ኤስፒኤ ወይም ሊንክሲስ ከሆነ ኮከብን አራት ጊዜ፣ ከዚያ 110 እና መሰላል (#)። አንድ ድምፅ በእንግሊዝኛ ቁጥሩን አንድ በአንድ ያነብላችኋል፦ አንድ፣ ዘጠኝ፣ ሁለት፣ ነጥብ፣ አንድ፣ ስድስት፣ ስምንት… ብዕር ያዙ። 192.168.1.37 ዓይነት ነገር ይሆናል። 0.0.0.0 ካለ ራውተሩ አድራሻ አልሰጠውም ማለት ነው፤ ገመዱን እዩ።

ያንን ቁጥር ከዚያው ራውተር ጋር በተገናኘ ኮምፒውተር ብራውዘር ላይ ጻፉት። የአዳፕተሩ ገጽ ይከፈታል። የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ ከሳጥኑ ሥር ወይም መመሪያው ላይ አለ።

ከገባችሁ በኋላ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት ሁለት ነገር አድርጉ። የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። ፈርምዌሩን አሻሽሉ። ማሻሻያው እየሄደ መብራት አትንቀሉ፤ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ አዳፕተር ላይነሣ ይችላል።

አምስቱ መስመሮች

ሥራው ያለው እዚህ ነው። ድርጅቱ እነዚህን ይልክላችኋል፦

- የሲፕ ሰርቨር አድራሻ
- አውትባውንድ ፕሮክሲ (መልእክቶቹ መጀመሪያ የሚያልፉበት መካከለኛ ሰርቨር)፣ ካለ
- የተጠቃሚ ስም
- የማረጋገጫ መለያ፤ ብዙ ጊዜ ከተጠቃሚ ስሙ ጋር አንድ ነው፣ ሁልጊዜ ግን አይደለም
- የሲፕ የይለፍ ቃል

ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ የሲፕ የይለፍ ቃሉ ወደ ድርጅቱ ድረ ገጽ ከምትገቡበት ሊለይ ይችላል። ሁለተኛ፣ ዜሮና የላቲኑ ኦ ይመሳሰላሉ። ሦስተኛው እኔን አንድ ሙሉ ምሽት ያስቸገረኝ ነው። የይለፍ ቃሉን ከኢሜይል ገልብጬ ለጠፍኩት። አልገባም። ደግሜ ለጠፍኩ። አልገባም። ራውተሩን ሪስታርት አደረግኩ፣ ሰርቨሩን ቀያየርኩ፣ ሁሉንም ነካካሁ። በመጨረሻ ጠቋሚውን ወደ መስመሩ ጫፍ ሳመጣው ከመጨረሻዋ ፊደል በኋላ አንዲት ባዶ ቦታ ተቀምጣለች። እሷን ሳጠፋ በሰከንዶች ውስጥ ገባ። ከዚያ ቀን ወዲህ የይለፍ ቃል በእጄ ነው የምጽፈው።

የመመዝገቢያው ጊዜ ላይም ልብ በሉ፤ አዳፕተሩ በስንት ጊዜ አንዴ ሰርቨሩ ጋ ምዝገባውን እንደሚያድስ የሚወስነው እሱ ነው። ሲስኮና ሊንክሲስ በሰከንድ ይቆጥራሉ፤ 3600 ማለት አንድ ሰዓት ነው። ግራንድስትሪም ግን በደቂቃ ነው፤ 60 ብላችሁ ነው የምትጽፉት። ከሌላ መሣሪያ 3600ን ገልብጣችሁ እዚያ ብታስገቡ ሁለት ቀን ተኩል መሆኑ ነው። በዚያ መሃል ምዝገባው ቢጠፋ ማንም ሊያገኛችሁ አይችልም፣ እናንተም አታውቁትም።

ሴቭ አድርጋችሁ የሁኔታ ገጹን ክፈቱ። «ሬጂስተርድ» (ተመዝግቧል) ካለ ግማሹን ጨርሳችኋል። ካላለ የሚመጣውን ቁጥር አንብቡ። 401 ብቻውን አያስደንግጣችሁ፤ ሰርቨሩ መጀመሪያ ላይ «ማን ነህ?» ብሎ የሚጠይቅበት የተለመደ መልስ ነው። እየተደጋገመ የሚመጣ ከሆነ ግን የይለፍ ቃሉን ወይም የማረጋገጫ መለያውን እዩ። 403 ሰርቨሩ አግኝቷችሁ ከልክሏችኋል ማለት ነው፤ መለያውን እንደገና አጣሩ፣ ካልሆነ ለድርጅቱ ደውሉ። 408 ወይም ምንም መልስ አለመምጣት ከሆነ መልእክቱ አልደረሰም ወይም መልሱ አልተመለሰም፤ የሰርቨሩን ስም ወይም ራውተሩን ጠርጥሩ።

ድምፅ፣ ቁጥሮችና መደወያ

ድምፁ በኢንተርኔት ለመሄድ ወደ ዲጂታል መረጃ የሚቀየርበትን ዘዴ ኮዴክ ይሉታል። መጀመሪያ ላይ ጂ.711ን አስቀምጡ። ከመደበኛ ስልክ እኩል የሆነ ጥራት አለው። ሁለት ዓይነት ነው፦ በሰሜን አሜሪካና በጃፓን የሚሠራበት «ሚዩ» የሚባለው፣ በአብዛኛው ሌላው ዓለም ደግሞ «ኤ» የሚባለው። ድርጅቱ የሚጠቀምበትን አስቀድሙ። ጂ.711 ድምፁ ብቻ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ነው፤ ማሸጊያው (ከድምፁ ጋር የሚሄደው የአድራሻ መረጃ) ሲጨመር በእያንዳንዱ አቅጣጫ 87 ገደማ ይደርሳል። ኢንተርኔታችሁ በጣም ጠባብ ከሆነ ጂ.729 አለ፤ ከነማሸጊያው 31 ገደማ ነው። ድምፁ ግን ትንሽ ይታፈናል። አቅም ካለ ጂ.711ን አትልቀቁ።

የአብዛኛው ቤት ችግር ግን የፍጥነት ማነስ አይደለም። አንድ ሰው ትልቅ ፋይል ወይም ቪዲዮ ወደ ላይ ሲጭን የእናንተ ድምፅ ከኋላው ወረፋ ይይዛል። እናንተ ትሰማላችሁ፣ ወዲያ ማዶ ያለው ግን «ትቆራረጣለህ» ይላችኋል። ራውተራችሁ ቅድሚያ የመስጠት ቅንብር ካለው አዳፕተሩን ከፊት አድርጉት። ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሰከንድ በታች ሲደርስ ነው ንግግር ሳይጋጭ የሚፈሰው።

«ለሂሳብ 1ን ይጫኑ» የሚል ማሽን ጋ ደውላችሁ ቁጥሩን አልቀበል ካላችሁ ችግሩ ዲቲኤምኤፍ የሚባለው፣ የምትጫኑት ቁጥር የሚላክበትን መንገድ የሚወስነው ቅንብር ነው። አርኤፍሲ 2833 ወደሚለው ምርጫ ቀይሩት። ብዙ ጊዜ በዚሁ ይፈታል።

ቁጥር ደውላችሁ አራት አምስት ሰከንድ ዝም ካለ አልተበላሸም። አዳፕተሩ ሌላ አሃዝ ትጨምሩ እንደሆነ እየጠበቀ ነው። መጨረሻ ላይ መሰላልን ብትጫኑ ወዲያው ይልከዋል። እናቴን ያስተማርኳት ይህን አንድ ነገር ብቻ ነው። መሰላል መጫን የማይመቻችሁ ከሆነ የመደወያ ፕላን የሚለውን መስመር የቁጥራችሁን አሃዝ ብዛት እንዲያውቅ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ድርጅቱ የራሱ የተዘጋጀ ፕላን ካለው ያንን መውሰድ ይሻላል።

የደዋይ ቁጥር ካልታየ ስልኩን ለመጣል አትቸኩሉ። ቁጥሩ የሚላክበት ዘዴ ከአገር አገር ይለያል፤ አዳፕተሩ ላይ ለስልካችሁ የሚስማማውን ምረጡ። በኮከብ የሚጀምሩት የድርጅቱ ኮዶች ካልሠሩ ደግሞ አዳፕተሩ ራሱ እየቀደመ ይዟቸዋል ማለት ነው። የራሱን የጥሪ አገልግሎቶች አጥፉበት።

ፋክስ ያለው ሰው ቲ.38ን (ፋክስ በኢንተርኔት የሚተላለፍበትን ዘዴ) ይክፈት፤ ድርጅቱም መደገፉን ይጠይቅ። የቤት ማንቂያ ደወል በዚህ መስመር ላይ አትመኑ።

ድምፅ በአንድ በኩል፣ ወይም በ32 ሰከንድ መቋረጥ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚማረርበት ይሄ ነው። መፍትሔው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ሲፕ ኤኤልጂ የሚለውን አጥፉ። ይህ ቅንብር ጥሪን ለመርዳት ተብሎ የተሠራ ነው። የሲፕ መልእክቶችን ከፍቶ ውስጣቸው ያሉትን አድራሻዎች ይቀይራል። ሲሳሳት ድምፁ የተሳሳተ ቦታ ይሄዳል።

ጥሪው ሁልጊዜ 32 ሰከንድ አካባቢ ላይ የሚቆረጥ ከሆነ በሰዓት ለኩት። ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ስልኩን ያነሣው ወገን «ተነሥቷል» ብሎ መልእክት ይልካል፣ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ይጠብቃል። መልሱ እስከ 32 ሰከንድ ካልመጣ ጥሪውን ይዘጋዋል። ስለዚህ ጥፋቱ የድምፁ አይደለም፤ አንዲት የሲፕ መልእክት መንገድ ላይ እየጠፋች ነው። እሱም ራውተሩ ነው፣ ወይም አዳፕተሩ ውስጥ ያለው የናት ቅንብር (ከራውተር ጀርባ ሆኖ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው)።

ወደ ውጭ መደወል እየቻላችሁ ጥሪ የማይገባላችሁ ከሆነ ደግሞ ራውተሩ ዝም ያለውን መንገድ ዘግቶታል። ኪፕ አላይቭ የሚለውን ክፈቱና 20 ወይም 30 ሰከንድ አድርጉት። አዳፕተሩ በየጊዜው ትንሽ ምልክት እየላከ በሩን ክፍት ያቆየዋል። ወደብ መክፈት፣ ማለትም ራውተሩ ላይ ከውጭ በቀጥታ ወደ አዳፕተሩ የሚያስገባ በር መክፈት፣ የሚባለውን ምክር ግን አትቸኩሉበት። ብዙ ቤት አያስፈልገውም፤ የሚቀጥለውን ችግርም ይጋብዛል።

ሌሊት የሚጮኸው ስልክ

አንድ ጠዋት እናቴ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ይሄ ስልክ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይጮኻል፣ ሳነሣው ማንም የለም» አለችኝ። ድምፅዋ ፈርቷል። ሰው የሞተ መስሏት ተነሥታ፣ ከዚያ እስኪነጋ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ሄጄ የስልኩን መዝገብ አየሁ። የደዋዩ ቁጥር 100 ይላል። ቀጥሎ 1000። የድርጅቱ መዝገብ ላይ ግን አንድም የገባ ጥሪ የለም።

እነዚህ ሰው አይደሉም። ኢንተርኔቱን እያሰሱ የሲፕ መደበኛ ወደብ የሆነውን 5060 የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ናቸው። ደካማ የይለፍ ቃል ካገኙ በእናንተ ሂሳብ ውድ ቦታ ይደውላሉ። መከላከያው ቀላል ነው። አዳፕተሩ ጥሪ ከተመዘገበበት ሰርቨር ብቻ እንዲቀበል የሚያደርግ ምርጫ አለ፤ ክፈቱት። የአዳፕተሩን ወደብ ከ5060 ወደ ሌላ ከፍ ያለ ቁጥር ቀይሩ። ራውተሩ ላይ ወደ አዳፕተሩ የተከፈተ ወደብ ካለ ዝጉት። የአዳፕተሩ ገጽም ከውጭ ኢንተርኔት እንዳይከፈት አድርጉ። ሁሉንም አደረግኩ፤ ከዚያ ሌሊት በኋላ አልጮኸም። ድርጅቱ የውጭ አገር ጥሪ መዝጊያ ወይም የሂሳብ ጣሪያ ካለው እሱንም አብሩት።

የድሮውን መስመር ከመዝጋታችሁ በፊት

የአስቸኳይ ጊዜ ጥሪን ቀድማችሁ አስተካክሉ። የኢንተርኔት ስልክ የት እንዳላችሁ በራሱ አያውቅም። አዳፕተሩን ነቅላችሁ ሌላ ከተማ ብትሰኩት በዚያው ቁጥር ይሠራል፤ ድርጅቱ ጋ የተመዘገበው አድራሻ ግን የድሮው ነው። ድርጅቱ የቤታችሁን አድራሻ የሚመዘግብበት ገጽ ካለው ዛሬውኑ ሙሉት፤ ቤት ስትቀይሩም አድሱት። ድርጅቱ የአስቸኳይ ጥሪ እንደሚያስተላልፍ በግልጽ ጠይቁ፤ የማያስተላልፍም አለ።

መብራት ሲጠፋ ስልኩም ይጠፋል። ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ካላችሁ አዳፕተሩን ብቻ አትሰኩበት። ሞደሙም ራውተሩም፣ ገመድ አልባ ከሆነ የስልኩ መሠረትም አብረው መሰካት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ቢበሩም ዋጋ የላቸውም። አንድ ቀን የዩፒኤሱን መሰኪያ ከግድግዳው ነቅላችሁ ደውሉና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ እዩ።

ቁጥራችሁን ይዛችሁ መሄድ የምትፈልጉ ከሆነ የድሮውን አገልግሎት በራሳችሁ አትዝጉ። መጀመሪያ አዲሱ ድርጅት ቁጥሩን እንዲያዛውር አድርጉ። ቀድማችሁ ከዘጋችሁት ቁጥሩ ከእጃችሁ ሊወጣ ይችላል፤ የስንት ዓመት ቁጥር እንዲህ ሲጠፋ አይቻለሁ። እስኪዛወር ድረስ በጊዜያዊ ቁጥር ተጠቀሙ። ቢያንስ አንድ ሳምንት ደውሉ፣ ተደወሉ፣ ረጅም ጥሪ አውሩ።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ የአዳፕተሩን ገጽ ክፈቱና ቅንብሩን ወደ ኮምፒውተራችሁ አውርዱ፤ ፋይሉ ውስጥ የይለፍ ቃል ሊኖር ስለሚችል ለማንም አትላኩት። አዳፕተሩ ሥር ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፦ የአድራሻው ቁጥር፣ ቅንብሩ የተወረደበት ቀን፣ መጨረሻ የቀየራችሁት ነገር። ቁጥሩ ተዛወረ ሲሏችሁ ከሞባይላችሁ ወደ ቤት ደውሉ። ስልኩ ይጥራ፤ ሌላ ሰው ያንሣው፤ ቢያንስ አንድ ደቂቃ አውሩ። ድምፁ በሁለቱም በኩል ከተሰማና ከ32 ሰከንድ ካለፈ፣ የድሮውን መስመር መዝጋት ትችላላችሁ።